ሁለት ቢላና የሞጣ አተር

ይህ ታሪክ መነገር ይገባዋል ወይ እያልሁ ብዙ ጊዜ አመንትቻለሁ። ጦርነት የለበትም፣ ሹም ሽርም የለበትም፤ ያሉበት ጥርሳቸው ያለቀ አንድ ሽማግሌ፣ ሥጋ የምትከትፍ አንዲት ሴትና አንድ ድስት ሽሮ ብቻ ናቸው። ነገር ግን በዚህ ዓመት ለትምህርት አዲስ አበባ ከመጣሁ ወዲህ፣ ከምንተኛበት ሕንፃ በስተጀርባ ካለው ወጥ ቤት በየማለዳው አንድ ድምፅ ይሰማኛል፤ ጠቅ ጠቅ፣ ጠቅ ጠቅ እያለ፣ ሁለት ቢላ እየተፈራረቀ እንጨት ላይ ሲያርፍ የሚወጣው ድምፅ። ያን በሰማሁ ቁጥር ደብተሬን አጥፌ፣ ዓይኔን ጨፍኜ፣ ሞጣ ከነበረው ቤታችን ጓዳ ተመልሼ የገባሁ ይመስለኛል፤ የሚቁላላው ሽንኩርትና በላዩ የሚቀልጠው ቅቤ ይሸተኛል። ድምፁ በየቀኑ የሚያስታውሰኝን ነገር ዝም ብዬ ከማሳልፈው ብናገረው ይሻላል ብዬ ጀመርሁ።

የተወለድሁት ቢቸና ነው። አባቴ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነበር፤ የምንኖረውም ሁላችን አባባ እያልን ከምንጠራቸው ከአባቴ አባት ጋር፣ በእሳቸው ግቢ ነበር። አባባ ረጅም፣ ቀጥ ብለው የሚሄዱ፣ ንግግር የማያበዙ ሰው ነበሩ። በሠፈሩ ዘንድ የሚከበሩት በአንድ ነገር ነበር፤ ሥጋ በመመደብ። ለፋሲካና ለመስቀል ጎረቤቱ ተሰባስቦ በሬ ገዝቶ ለቅርጫ ሲያርድ፣ መሬት ላይ ከተነጠፈው ለምለም ቅጠል ዘንድ ቆመው ለየቤቱ መደቡን የሚያከፋፍሉት እሳቸው ነበሩ። ከሽንጡም፣ ከዳቢቱም፣ ከጎድኑም፣ ከጉበቱም ለእያንዳንዱ መደብ እየቆረጡ ሲጥሉ እጃቸው ሚዛን ይመስል ነበር፤ የእገሌ መደብ ከእኔ ይበልጣል ብሎ ያጉረመረመ ሰው ትዝ አይለኝም።

በእኛ ሠፈር ደግሞ አንድ ልማድ ነበር። ዕጣው ከመውጣቱ በፊት፣ ሥጋውን የመደበው ሰው ከዳቢቱ አንድ ቁራጭ ቆርጦ፣ ጥሬውን በሚጥሚጣ ነክሮ፣ በሁሉም ፊት እንደቆመ ይበላል። በሬው ጤነኛ ነው፣ እኔ የበላሁትን ብሉ ማለቱ ነው። እሱ በልቶ ሳይውጥ ማንም ወደ መደቡ እጁን አይዘረጋም ነበር።

ሦስተኛ ክፍል በነበርሁበት ዓመት በዋለው ፋሲካ፣ አባባ እንደ ወትሮው መድበው ጨርሰው ቁራጩን ጎረሱ። ጥርሳቸው እያለቀ መሆኑን እኛ ቤት ውስጥ እናውቅ ነበር፤ ሠፈሩ ግን አያውቅም። አኘኩ፣ አኘኩ፤ ሰው ሁሉ ቆሞ ይጠብቃል፤ ሥጋው ግን ከአንዱ ጉንጭ ወደ ሌላው ከመዞር በቀር የሚሆነው ነገር አልነበረም። በመጨረሻ እንዳለ ሊውጡት ሲሞክሩ አነቃቸውና ዓይናቸው እንባ እስኪያቀር ድረስ ሳሉ። ይኼኔ የልጅነት ጓደኛቸው አቶ ደምለው፣ ቀልድ ጥለው የማያልፉ ጎረቤታችን፣

«አንተ ተሰማ! ሥጋውን እየበላኸው ነው ወይስ እያባበልኸው?» አሉ።

ሰው ሁሉ ሳቀ። አቶ ደምለው በክፋት አልነበረም የተናገሩት፤ አባባ ግን አልሳቁም። ቁራጩን ከአፋቸው አውጥተው ከቅጠሉ ዳር አኖሩና፣ ቢላቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ጠርገው አጠገባቸው ለቆመው ጎልማሳ ሰጡ።

«የማልበላውን ሥጋ አልመድብም» ብለው ወደ ቤት ገቡ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሥጋ የሚባል ነገር ከአፋቸው አልገባም።

ያ ክረምት ከባድ ነበር። ዝናቡ ሳያባራ ይውላል፣ አባባም ከምድጃው አጠገብ ተጠቅልለው ይውላሉ። ጠዋት ሽሮ፣ ማታ ሽሮ ነበር ምግባቸው። እናቴ ሥጋውን እስኪፈርስ ቀቅላ ታቀርብላቸዋለች፤ ገፋ አድርገው ይተዉታል። አንድ ቀን የጣት ጫፍ የጣት ጫፍ አሳክላ ቆራርጣ ወጥ ሠርታ ብታቀርብላቸው፣ ሳህኑን አይተው፣ «የሺ፣ እኔ ሕፃን ነኝ ወይስ አራስ? ለምን ትቆራርጪልኛለሽ?» ብለው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። እናቴ ሳህኑን አንሥታ ጓዳ ገብታ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ስትጠርግ አይቻታለሁ። የሞተችው አያቴ፣ የአባባ ሚስት፣ በመጨረሻ ሕመሟ ጊዜ «ሽማግሌዬን አደራ» ያለቻት እናቴን ነበር።

መስከረም ሲጠባ አባቴ ወደ ሞጣ ተዛወረ። ዕቃችንን በጭነት መኪና ጭነን፣ አባባን ከሹፌሩ አጠገብ አስቀምጠን ሄድን። ሞጣ የተከራየነው ቤት ከአንድ የጨርቅ ነጋዴ ግቢ ጋር በአጥር ብቻ ይለያል፤ የነጋዴው ሚስት እትዬ ዘይነባ ገና ጓዛችንን ሳናወርድ ውሃ በእንስራ አሸክመው የላኩልን ሴት ነበሩ። አባባ ግን አዲሱን አገር ለማየትም አቅም አልነበራቸውም። ጊዮርጊስ ለመሳለም ሲወጡ መንገድ ላይ ከየሰው ደጃፍ ድንጋይ ላይ ያርፉ ነበር። አንድ ማታ አባቴ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «የሺ፣ አባባ ይህን በጋ የሚሻገሩ አይመስለኝም» ሲላት ሰማሁ። እናቴ ሽሮውን ማማሰሏን ቀጠለች።

በዚያ ዓመት በታኅሣሥ የነቢያት ጾምና ረመዳን ገጠሙ። እኛም እንጾማለን፣ ጎረቤቶቻችንም ይጾማሉ። ከሰዓት በኋላ፣ ፀሐይ ማዘንበል ስትጀምር፣ ከአጥሩ ማዶ ያ ድምፅ ይነሣ ነበር፤ ጠቅ ጠቅ፣ ጠቅ ጠቅ። እናቴ ሁለት ሦስት ቀን ሰማችና አንድ ቀን አላስቻላት፤ በአጥሩ ቀዳዳ ብቅ ብላ፣

«ዘይነባ፣ ምንድነው እንዲህ የምትቀጠቅጪው? ቤት እየሠራሽ ነው?» አለቻቸው።

«የሳምቡሳ ሥጋ ነው እንጂ! ባሌ ሲያፈጥር ሳምቡሳ ካላየ አዛን የሰማ አይመስለውም» አሉ እትዬ ዘይነባ እየሳቁ። «ነይ እይው።»

ተከትያት ገባሁ። እትዬ ዘይነባ በሁለቱም እጃቸው ሁለት ቢላ ይዘው፣ በጉልበት ሳይሆን ቢላው በራሱ ክብደት እንዲወድቅ እያደረጉ፣ አንዱ ሲወርድ ሌላው ሲነሣ፣ የተከተፈውን በቢላው ጠርዝ እየገለበጡና እያጠፉ እንደገና ይከትፉት ነበር። ሥጋው እንደ ሊጥ ለስልሶ፣ ጣት ቢነካው ምንም የሚይዝ ጅማት አልነበረውም። እናቴ አየችና ስለ አባባ ሁሉንም ነገረቻቸው።

እኛ የእነሱን ሥጋ አንበላም፣ እነሱም የእኛን አይበሉም፤ ይህን ማንም ለማንም መንገር አያስፈልገውም ነበር። ስለዚህ እትዬ ዘይነባ በማግስቱ እጃቸውን ታጥበው ወደ እኛ ቤት መጡና፣ በእናቴ መክተፊያ፣ በእናቴ ቢላ አስተማሯት። ነገር ግን የእኛ ጾም ነበርና ቤት ውስጥ ሥጋ የለም፤ እናቴ የተማረችው በጎመን ነው። ወሩን ሙሉ ጎመን ከተፈች። ሁለቱም ጾመኞች ሆነው፣ ውሃ እንኳ ሳይቀምሱ፣ ከመክተፊያው ግራና ቀኝ ተቀምጠው «አንጓሽን ላላ አድርጊው! አንቺ፣ እንጨት ፈላጭ ነሽ እንዴ?» ሲባባሉ ቤቱ በሳቅ ይሞላ ነበር። አባቴ በየማታው የሚቀርብለትን ጎመን እያየ፣ «ይህ የሚበላ ነው ወይስ የሚቀባ መድኃኒት?» ይል ነበር።

ገና ሲደርስ እናቴ ሰው ሁሉ ሽንጥ ሽንጡን ሲመርጥ፣ ሻጩ ራሱ የናቀውን የአንገት ሥጋ ገዝታ መጣች። ጅማቱን ለቅማ አወጣች፣ በስሱ ቆራረጠች፣ ከዚያም ሁለቱን ቢላ አነሣች። ከተቁላላ ሽንኩርትና ከበርበሬ ጋር በለስላሳ እሳት ውሃው እስኪመጥ አብስላ፣ ኮረሪማ ነስንሳ፣ በትንሽ ማሰሮ ከታ፣ በላዩ ንጥር ቅቤ አፍስሳ ዘጋችው። እንዲህ የተያዘ ክትፍ ሳይበላሽ ይሰነብት ነበር። በማግስቱ ከማሰሮው በማንኪያ ጨልፋ ከአባባ ሽሮ ውስጥ ጨመረችና እስኪጠፋ ድረስ አማሰለችው።

ሽሮው ቀረበ። እናቴ ከጓዳው በር ላይ ቆማ፣ እኔም ከእሷ ኋላ ቆሜ እንጠብቃለን። አባባ አንድ ጎረሱ። ቆም አሉ። ደግመው ጎረሱ።

«የሺ።»

«አቤት አባባ» አለች።

«ይህ አተር ከየት ነው የተገዛው?»

«ከ… ከዚሁ ከሞጣ ገበያ ነው።»

«ይህ አገር አተር ያውቃል» አሉ። «ጨምሪልኝ።»

እናቴ ጓዳ ገብታ አፏን በነጠላዋ አፍና ስትስቅ፣ ሳቋ መቼ ወደ ልቅሶ እንደተለወጠ አላወቅሁም።

ከዚያ በኋላ ጥር ሙሉ ቤታችን የሠርግ ቤት መሰለ። ማሰሮው ሲጎድል ይሞላል፣ ቢላው ከእንጨቱ አይለይም። እናቴ ለእኛም ከዚያው ክትፍ በየቀኑ የማናውቀውን ምግብ ትሠራልን ነበር፤ አንድ ቀን ከድንች ጋር በእርድ አልጫ፣ አንድ ቀን ከዕንቁላል ጋር ጠብሳ፣ አንድ ቀን ካደረ እንጀራ ጋር ፈርፍራ፤ ድሮ ለበዓል ብቻ የነበረው ሥጋ የአዘቦት ቀን ምግብ ሆነ። አባባ ደግሞ በየቀኑ ይለወጡ ነበር። መጀመሪያ ያለ ዱላ ደጅ ወጡ፤ ከዚያ ጊዮርጊስ ሳያርፉ ደርሰው ተመለሱ፤ በጥምቀት ታቦቱን ተከትለው ከጎረምሶቹ ጋር ሲያሸበሽቡ አባቴ ቆሞ አፉን ከፍቶ አያቸው።

ይህን ሁሉ ያደረገው የሞጣ አተር እንደሆነ አባባ አልተጠራጠሩም። ላገኙት ሰው ሁሉ ያወሩ ነበር። ረቡዕና ዓርብ ብቻ፣ «ምነው ዛሬ አተሩ ሳሳ?» ይላሉ፤ እናቴም «ጾም ነው አባባ፣ ቅቤ የለውም እኮ» ስትላቸው፣ «እውነትሽን ነው» ብለው ይበላሉ። በመጨረሻም አንድ ጆንያ አተር አስገዝተው፣ ወደ ቢቸና በሚሄድ መኪና ለአቶ ደምለው ላኩላቸው። ሹፌሩንም፣ «ይህን ብላ፣ አንተንም ያጠነክርሃል ብሎሃል በለው» አሉት። አባቴ ያን ዕለት ከሥራ ሲመለስ እናቴ ነገረችው፤ ሁለቱም በሳቅ ተንከተከቱ፤ ከዚያ አባቴ ፊቱን ኮስተር አድርጎ፣ «ዐቢይ ጾም ሲገባስ?» አላት።

የካቲት ሊያልቅ ሲል ዐቢይ ጾም ገባ። ማሰሮው ታጥቦ ተደፋ። አባባ የመጀመሪያውን ሳምንት ታገሡ፤ ሁለተኛውን አጉረመረሙ፤ ከዚያ ግን ጉልበታቸው እየላላ፣ ዱላቸውን መፈለግ ጀመሩ። «ቅቤ ስላጣ ብቻ አይደለም» አሉ። «አተሩ ሌላ ነው። ያቺ ሴት አታልላናለች።» በገበያ ቀን እጄን ይዘው አተር ሻጯ ዘንድ ወሰዱኝ።

«አንቺ ሴት፣ አተርሽን ምን አደረግሽው?» አሏት ገና ከሩቅ።

«ምን አደረግሁት አባቴ? ይኸው እንደ ወትሮው ነው።»

«በገና የሸጥሽው ጉልበት ነበረው! ሰው ያቆም ነበር!»

ሴትዮዋ ሳቀች፤ አጠገቧ ያሉትም ሳቁ። «አባቴ ይሙት፣ ከዚያው ከአንዱ ማሳ ነው። አተር እኮ በሬ አይደለም! ጉልበት ከየት አባቱ ያመጣል?»

አባባ ጎንበስ አሉ። አንድ እፍኝ አተር አንሥተው ትንሽ አዩት፣ መልሰው አፈሰሱት። ወደ ቤት ስንመለስ እጄን ጠበቅ አድርገው ይዘው ነበር።

ቤት እንደገባን ከግድግዳው ሥር ካለው የጭቃ መደብ ላይ ተቀምጠው እናቴን ጠሯት።

«የሺ፣ በአተሩ ውስጥ በሬ ነበረ?»

እናቴ ወዲያው ተንበረከከች። «ነበረ አባባ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከገና።»

የአባባ ድምፅ ከፍ አለ። «ረቡዕና ዓርብስ?»

እናቴ ተነሥታ ሮጣ ጓዳ ገባችና ሁለት ድስት ይዛ መጣች። «ይህ የጾሙ ነው፣ ይህ የፍስኩ ነው። ማማሰያቸውም ለየብቻ ነው። አንድም ረቡዕ፣ አንድም ዓርብ አልነካሁም፤ እግዜር ምስክሬ ነው። አታልዬዎታለሁ፤ ጾምዎን ግን አልደፈርሁም።»

አባባ ሁለቱን ድስት ተቀብለው፣ አንዱን አሸተቱ፣ ሌላውን አሸተቱ፤ የጾሙን ድስት ውስጡን በጣታቸው ዳበሱት። ከዚያ ሁለቱንም መሬት ላይ አኖሩና፣ «ጾሙ ይፈታ፤ ያኔ እንነጋገራለን» ብለው ጋቢያቸውን ተከናነቡ።

የቀሩት የጾም ሳምንታት ለእናቴ በጣም ረዘሙባት። አባባ ይበላሉ፣ ይጸልያሉ፣ ሰላምታ ይመልሳሉ፤ ስለዚያ ነገር ግን አያነሡም። እናቴ ወደ ቢቸና ብቻቸውን ተመልሰው እንደገና ሥጋ እንቢ እንዳይሉ ፈራች፤ ይህ ከሆነ የሚቀጥለውን ክረምት እንደማያልፉ ሁላችንም እናውቅ ነበር። እትዬ ዘይነባ በአጥሩ እየመጡ፣ «አባባ ተናገሩ?» ይሏታል፤ እናቴ ራሷን በአሉታ ትነቀንቃለች።

በሰሙነ ሕማማት፣ ከስግደት ሲመለሱ፣ አባባ በሩ ላይ ቆም አሉ።

«ፋሲካን ቢቸና እንውላለን» አሉ። ከዚያ ወደ እናቴ ሳያዩ፣ «የሺ፣ ቢላዎችሽን እንዳትረሽ» ብለው ገቡ።

የፋሲካ ማለዳ ቢቸና በአሮጌው ግቢያችን ደጃፍ ቅጠሉ ተነጥፎ፣ በሬው ታርዶ፣ ወንዶቹ ሁሉ ዙሪያውን ቆመው ነበር። ሴቶቹ እንደ ልማዱ መደቡ እስኪመጣላቸው በየበራቸው ቆመው ከሩቅ ያያሉ። አባባ ሲደርሱ፣ ባለፈው ዓመት ቢላውን የተቀበላቸው ጎልማሳ ምንም ሳይባል በሁለት እጁ አቀረበላቸው። ተቀበሉት፤ መመደብ ጀመሩ። እጃቸው እንደ ድሮው ነበር፤ አልዘገየም፣ አልተንቀጠቀጠም። መደቡ ሁሉ ተስተካክሎ አለቀ። ሁሉም የሚጠብቀው ያንኑ ነገር ነው።

«ተሰማ፣ ዛሬስ እንዴት ነው?» አሉ አቶ ደምለው፤ በዚህ ጊዜ ግን የሳቀ አልነበረም።

አባባ ከዳቢቱ ወፍራም ቁራጭ ቆረጡ። ከዚያ ወደ ቤቱ ዞረው፣ ሠፈሩ ሁሉ እስኪሰማ፣

«የሺ! መክተፊያሽን ይዘሽ ነይ!» አሉ።

እናቴ በወንዶቹ መካከል አለፈች፤ እኔ መክተፊያውን ተሸክሜ ከኋላዋ ነበርሁ። ሴት ከመደቡ አጠገብ ስትቆም በእኛ ሠፈር ያን ዕለት የመጀመሪያዋ ነበረች። አባባ ቁራጩን እንጨቱ ላይ አኖሩት። «ክተፊው» አሉ። እናቴ ሁለቱን ቢላ አነሣች፤ ጠቅ ጠቅ፣ ጠቅ ጠቅ። ገለበጠችው፣ አጠፈችው፣ እንደገና ከተፈችው፤ ቅቤ አፈሰሰች፣ ሚጥሚጣ ነሰነሰች። አባባ በእንጀራ ጠቅልለው በሁሉም ፊት እንደቆሙ ጎረሱ፣ በድዳቸው አላመጡ፣ ዋጡ። ጢማቸውን ጠረጉና፣

«በሬው ደህና ነው! ብሉ!» አሉ።

ሴቶቹ ከየበራቸው እልል አሉ። እናቴ ቢላዎቹን እንደያዘች ቀረች። አቶ ደምለው ቀረብ ብለው ወደ መክተፊያው አዩና፣ አፋቸውን በእጃቸው ከልለው፣ «የሺ፣ እስቲ ለእኔም ትንሽ…» አሉ።

«ምነው ደምለው፣ የላክሁልህ አተር አልበቃህም?» አሉ አባባ።

«አተርህማ ሆዴን ነፋው እንጂ ምን ረባኝ! ቤተሰቡ ሁሉ ሸሽቶኝ ሰነበተ!» ብለው አፋቸውን ከፈቱ። ከፊት ካሉት ከሁለት ጥርስ በቀር ምንም አልነበራቸውም። ለካ እሳቸውም ሥጋውን እንዳለ እየዋጡ ነበር የኖሩት። በሳቁ መካከል ሌላ ሽማግሌ መጡ፣ ሌላም፤ የሠፈሩ አዛውንት አንድ በአንድ ከየመደባቸው ቁራጭ ይዘው ከእናቴ ፊት ተሰለፉ። ፀሐይዋ አናታችን ላይ እስክትደርስ ከተፈች። አባባ ከጎኗ ቆመው፣ «ለዚህኛው አልሚው፣ እሱ ከእኔም ይብሳል» እያሉ ያሟሟቋት ነበር።

አባባ ከዚያ በኋላ ብዙ ቅርጫ መደቡ፤ ዛሬም አሉ፤ ጥርስ የላቸውም፣ ሥጋ መብላት ግን አላቋረጡም። እዚህ በምበላበት አዳራሽ አንዳንድ ቀን የተፈጨ ሥጋ ወጥ ይቀርባል፤ በመኪና የተፈጨ ነው፣ ቢላ አልነካውም፤ ሁለቱ ቢላዎች የሚደክሙት ለሽንኩርቱና ለጎመኑ ብቻ ነው። ጓደኞቼ «ይህ ደግሞ ምን ይታኘካል» እያሉ ያማርራሉ። እኔ ግን እበላለሁ። ያኔ አንዲት ሴት በእጇ ለፍታ ሰው ያቆመችበትን ምግብ ዛሬ መኪናው በአንዴ ያወጣዋል፤ ጣዕሙ ግን ያው አይደለም፤ ወይም እኔ እያሰብሁ ስለምበላው ይሆናል። አባባ ከሥጋ ጋር ተጣልተው የቆዩበት ጊዜ ያበቃው እሑድ፣ ሚያዝያ ፳፪ ቀን ፲፱፻፶፱ ዓ.ም. ነው።